ሠላሳ አራት ልጅ፣ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ወፍጮ፦ ደሴ ያለው አሮጌ ቤት ለተማሪ እንዴት ነው?

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ክፍል ደሴ ለጉብኝት ሲሄድ ከአጃቢ ወላጆች አንዷ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ "እንዴት ነበር? ለገንዘቡ ይሆናል ወይ?" የሚለኝ ወላጅ በዛ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማወራ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

የቤቱን ስም አልጠራም። የማማርርባቸው ነገሮች አሉኝ፤ የሚያስጎበኙት ደግሞ ገና ጀማሪ ወጣቶች ናቸው፣ እንጀራቸው ላይ መቆም አልፈልግም። የድሮ ሹም መኖሪያ የነበረ ባለ ደርብ ቤት ነው። ግድግዳው ታች ድንጋይ፣ ላይ ጭቃ፣ ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ። ከኋላ ማድ ቤትና ጋጣ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለተማሪ ይከፈታል። በልጅ 50 ብር፣ በአዋቂ 100 ብር ከፈልን። ፎቶ ለማንሳት ደግሞ ሌላ ተጠየቅን። ይህን አስቀድመው በስልክ ቢነግሩን ምን ነበረበት? አስተማሪዋ በር ላይ ቆማ ከራሷ ቦርሳ አውጥታ ከፈለች።

ወደ ቤቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ሹራብ ላውራ። እኛ ኮምቦልቻዎች ሙቀቱን ለምደን፣ ደሴ ቅርብ ስለሆነች ብቻ አየሯም እንደኛው ይመስለናል። ሐረጎን እየተጠማዘዙ ሲወጡት ግን ሽቅቡ ከ500 ሜትር በላይ ነው። ጉሙ የመኪናውን መስኮት ሲሸፍነው ግማሹ ልጅ በቲሸርት ነበር። የኔዋም ጭምር። "እማ በረደኝ" ስትል ነጠላዬን አከናነብኳትና እኔ እስከ ማታ ስንዘፈዘፍ ዋልኩ።

መኪና ውስጥ አስተማሪዋ ደሴ ስሟን ከየት እንዳገኘች ነገረቻቸው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ሰፍረው ሳለ ጭራ ያለው ኮከብ በሰማይ ታየ፣ ንጉሡም ደስ ብሏቸው ቦታውን "ደሴ" አሉት ነው የሚባለው። በፈረንጅ 1882 መሆኑ ነው፤ በዚያ ዓመት እንኳን በሌሊት በቀንም የታየ ትልቅ ጭራ ኮከብ ነበር። ከኋላ ወንበር አንዱ "ቲቸር፣ ኮከብ አይተው ነው ከተማ የሠሩት?" ብሎ ጠየቀ። እሷም "አንተ ኳስ አይተህ ትምህርት ትተው የለ?" አለችው። መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ጉብኝቱ እዚያው ቢያልቅ እንኳ አልከፋም ነበር።

ቤቱ ጋ ስንደርስ ግን መጀመሪያው አላማረኝም። አስጎብኚው ልጅ ሠላሳ አራቱንም ግቢው ውስጥ ብርድ ላይ አቆማቸውና ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ከሐይቅ እስጢፋኖስና ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ተነሳ። 13ኛው ክፍለ ዘመን። ከዚያ የወረሂመኖ ኢማሞች፣ ከዚያ ቦሩ ሜዳ፣ ከዚያ ሰገሌ። ተወለዱ፣ ተሾሙ፣ ዘመቱ፣ ሞቱ። መናኸሪያ ቆሞ የመኪና መስመር የሚጠራ ረዳት ነው የመሰለኝ። በአስረኛው ደቂቃ ሁለት ወንዶች ጠጠር መወራወር ጀመሩ፣ ሴቶቹ ፀጉር ይጎነጉናሉ፣ አንዷ ሽንቷ መጣ። ሽንት ቤቱ ደግሞ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ገበያ ሄዷል አሉን። በዚህ እመለስበታለሁ።

የሚያናድደኝ ወረቀቱ ላይ የነበረው ታሪክ ራሱ እሳት መሆኑ ነው። ቦሩ ሜዳን ብቻ ውሰዱ። ከደሴ አፍንጫ ስር ያለ ቦታ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፣ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ። ይህን ለወሎ ልጅ ስትነግሩት የሩቅ ወሬ አይሆንበትም፤ ክፍሉ ውስጥ አጎቱ አሕመድ፣ አክስቱ ፀሐይ የሆነ ልጅ ሞልቷል። ማን በፈቃዱ፣ ማን በግድ እምነት እንደለወጠ አያቶቻቸው እስከ ዛሬ በሹክሹክታ ያወሩታል። አስጎብኚው በአንድ አረፍተ ነገር አልፎት ሄደ።

ደግነቱ ካፊያ ጣለና ሁላችንም ወደ ውስጥ ሮጥን። ጉብኝቱ የተጀመረው ያኔ ነው ብል ይቀላል።

ልጁ ወረቀቱን ኪሱ ከተተውና (እንዳይረጥብበት ይመስለኛል) አንድ ወፍራም ልጅ ትከሻውን ይዞ ከውስጠኛው ክፍል በር ላይ አቆመው። "አንተ እልፍኝ አስከልካይ ነህ። እኔ ሳልፈቅድ ማንም እዚህ አይገባም" አለው። እልፍኝ ማለት የጌታው የግል ክፍል መሆኑን፣ እልፍኝ አስከልካይ ደግሞ በሩን የሚጠብቀው ባለሟል መሆኑን ልጆቹ በአንድ አፍታ ገባቸው። አንዷን አጋፋሪ አደረጋት፣ እንግዳ የምታስገባና የምታስቀምጥ። ሁለቱን አሳላፊ። የቀሩት ግብር የሚበሉ እንግዶች ሆኑ። አጋፋሪዋ ማንን ከጌታው አጠገብ፣ ማንን በሩ ጋ እንደምታስቀምጥ ስትወስን ጠቡን ብታዩት! ምርጥ ጓደኛዋን ከፊት አስቀመጠች፣ ትናንት ያኮረፈቻትን ከምሰሶው ኋላ። አስጎብኚው "እንደዚህ ነበር" አለ። የሹመትና የዝምድናን ነገር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ መምህር አላየሁም። አስተማሪዋ ወደ እልፍኙ ልትገባ ስትል ደግሞ ወፍራሙ ልጅ እጁን ዘርግቶ "አይቻልም ቲቸር፣ ጌታው ተኝተዋል" ብሎ መለሳት።

ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ጽሑፎች ግን ይስተካከሉ። አንዱ ወረቀት ራስ ሚካኤል በ1906 የወሎና የትግሬ ንጉሥ ሆነው ደሴ ላይ ነገሡ ይላል። ሁለት እርምጃ አልፎ ያለው ደግሞ በ1914 ነገሡ ይላል። ልጄ እጇን አወጣችና "ሁለቴ ነው የነገሡት?" አለች። አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ መሆኑ የትም አልተጻፈም። ለአዋቂ ትንሽ ነገር ነው፤ ለአራተኛ ክፍል ልጅ ግን የስምንት ዓመት ገደል ነው። አስጎብኚው ራሱ ፊቱ ቀላና "እውነትሽን ነው፣ እናስተካክለዋለን" አላት። ቤት እስክንገባ ስትኩራራ ዋለች።

ደርቡን ቶሎ ልለፈው። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ አምስት አምስት እያሉ ነው የወጡት፣ ከመስኮቱ የጦሳ ተራራ ይታያል፣ በቃ።

አሁን ወደ ማድ ቤቱ። በፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። ወደ ጋጣው ስናልፍ ነው ልጆቹ በሩ ክፍት ሆኖ ያዩት። ውስጥ የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ፣ ጢስ ያጠቆረው ጣሪያ፣ ጥግ ላይ አንገቱ የተሸረፈ ጋን። በርጩማ ላይ ደግሞ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥባሉ። የግቢው ጠባቂ እናት ናቸው አሉን። እሳቸውም እናታቸውም እዚያው ግቢ ነው ያደጉት፣ እናታቸው ውሃ ቀጂ ነበሩ።

አንዷ ልጅ፣ ስታስበው የቆየች ይመስለኛል፣ "እማማ፣ ያን ሁሉ ሰው ካበሉ በኋላ ሳህኑን ማን ነበር የሚያጥበው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ሳህን የታለና አለሜ!" ብለው ሳቁ። "የሚታጠበው ጋኑ ነው፣ እንስራው ነው።" ተነስተው አሳዩዋቸው። ጋን በግራዋ ቅጠል እንዴት እየታሸ እንደሚታጠብ፣ ከዚያ በወይራ ጢስ እንዴት እንደሚታጠን። ለክርስቲያኑ ጠላና ጠጅ፣ ለእስላሙ ብርዝና ቀሪቦ ለየብቻ ይዘጋጅ እንደነበር። ውሃው ከምንጭ በእንስራ፣ በጀርባ። እናታቸው በቀን ስንቴ እንደሚመላለሱ ሲናገሩ ልጆቹ አላመኑም፣ አንዷ ባዶውን እንስራ አዝላ ለማየት ሞከረች፣ ባዶውን!

ከዚያ ወፍጮው። አንድ ወንድ ልጅ፣ ክፍሉ ውስጥ ጉልበተኛ ነኝ ባይ፣ መጁን ያዘና ገፋ። እማማ ግማሽ እፍኝ ገብስ ጨመሩለት። ደቂቃ አልሞላውም፣ ላቡ ጠብ ጠብ አለ። የወጣው ዱቄት ሳይሆን ክክ ነው። "አብሽር፣ አብሽር ልጄ" አሉት፣ "እናቴ ዶሮ ሲጮህ ጀምራ ነው ፀሐይ ስትወጣ የምትጨርስ።" ልጁ ቀና ብሎ "በየቀኑ?" አለ። "በየቀኑ።" ዝም አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ዝም እንዳለ ነው የሄደው፣ እናቱ አሞት ይሆን ብላ ስልክ ደወለችልኝ።

ያች ሳህን የጠየቀችው ልጅ ግን አልለቀቀችም። "ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር?" አለች። አስጎብኚው ወደ ጋጣው እንሂድ ማለት ጀመረ። አስተማሪዋ ናት የመለሰችላት። በእንደዚህ ያሉ ትልልቅ ቤቶች ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ ለእንጀራቸው ሲሉ የገቡ፣ አንዳንዶቹ በገንዘብ የተገዙ ሰዎች እንደነበሩ፣ ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. እንደሆነ ነገረቻቸው። አላስፈራራቻቸውም፣ አላሳመረችላቸውምም። እማማ ጎመናቸውን እየቀነጠቡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ከጉብኝቱ ሁሉ 50 ብሩ የወጣለት ይህ ግማሽ ሰዓት ነው እላለሁ። የጌታውን ስም ልጆቹ በማግስቱ ረስተውታል፣ ጠይቄያቸዋለሁ። የግራዋውን ቅጠል ግን አንዳቸውም አልረሱም። ስለዚህ ለአስጎብኚዎቹ የምለው፣ እማማን በፕሮግራሙ ላይ አስገቧቸው። በነፃ ሳይሆን ከመግቢያው ገንዘብ እየከፈላችሁ። እኛ ስንወጣ በእጃቸው ትንሽ ብር ልናስጨብጣቸው ብንሞክር "ልጆቹን ቡና ሳላጠጣ!" ብለው ተቆጡን።

ሌላው ቅሬታዬ ስለ ቀዳዳው ነው። የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ጡጫ የሚያህል ቀዳዳ አለ። አስጎብኚው "ይህ የጣሊያን ቦምብ ፍንጣሪ ነው" አለ፣ ልጆቹም ጣታቸውን እየከተቱ ተጋፉበት። በኋላ እማማን ስጠይቃቸው "ኧረ የጎራዴ መስቀያ ችካል ነበረበት፣ ወድቆ ነው" አሉኝ። ወላሂ ተናደድኩ። ውሸት ምን ያስፈልጋል? ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን መደብደባቸው፣ የጦር ሰፈራቸውን እዚያ ያደረጉት አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው የአውሮፕላን መቃወሚያ መትረየስ ይዘው መተኮሳቸው፣ ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ሳይቀር መመታቱ፣ ይኼ ሁሉ እውነት ነው። እውነቱ ይህን ያህል እያለ የችካል ቀዳዳን ቦምብ ማድረግ ልጆቹን መናቅ ነው።

እዚያው ላይ ደግሞ አንድ የከበደ ነገር ተፈጠረ። አስጎብኚው ለጨዋታ ብሎ "እናንተ ብትሆኑ አውሮፕላኑ ሲመጣ የት ትደበቁ ነበር?" አላቸው። ዝም አሉ። አንዷ "አልጋ ስር" አለች። "እኛ አልጋ ስር ነበርን።" ስለ 1928 አልነበረም የምታወራው። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያልፍባቸው እነዚህ ልጆች ስድስት ዓመት ቢሞላቸው ነው። ሌላው "እኛ ገጠር ሄድን"፣ ሌላዋ "አባቴ..." ብላ አቋረጠች። አስጎብኚው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አስተማሪዋ ቀስ ብላ መሃላቸው ተቀመጠችና መናገር የፈለጉትን አስወራቻቸው፣ ያልፈለጉትን አላስገደደችም። ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ ጋጣውን ሳናይ ቀረን። አልቆጨኝም። ግን ወሎ ውስጥ ልጆችን ታሪክ የሚያስጎበኝ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት መልሱን ሊሸከም መዘጋጀት አለበት።

ምሳችንን ከበላን በኋላ (አገልግል ይዘን ነው የሄድነው፣ እዚያ የሚሸጥ ነገር የለም) አስተማሪዋ በራሷ ፕሮግራም ወደ አይጠየፍ ወሰደቻቸው። ይህ የቤቱ አገልግሎት አይደለም፣ ነገር ግን ሁለቱን ማያያዟ ብልህነት ነው። ጠዋት በጠባብ አዳራሽ የግብርን ጨዋታ የተጫወቱ ልጆች ከሰዓት የንጉሥ ሚካኤልን ግብር ቤት ፊት ለፊት ሲያዩ አፋቸውን ከፈቱ። ስሙን ራሳቸው እንዲፈቱት ጠየቀቻቸው። "የማይጸየፍ!" አሉ። ትልቅ ትንሽ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉን የሚያስተናግድ ማለት ነው ይባላል።

እዚህ ጋ ነው የዕለቱ ምርጥ ጥያቄ የመጣው። አንድ ልጅ፣ ሙስሊም ነው፣ ግንባሩን ቋጥሮ "ሥጋውስ? ማን ነው ያረደው?" አለ። የወሎ ልጅ ካልሆነ ማን ይህን ይጠይቃል? እኛ ሰርግ ስንደግስ ለየእምነቱ ለብቻ አርደን፣ ለብቻ ወጥ ሠርተን፣ በአንድ ዳስ ነው የምናበላው። ሁሉም ልጅ ይህን በየሰርጉ አይቶታል። ክፍሉ በሁለት ተከፍሎ ሲከራከር አስተማሪዋ መልስ አልሰጠችም፤ "ሄዳችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ" አለቻቸው። የቤት ሥራ ማለት ይህ ነው።

መመለሻው ላይ መንገድ ዳር የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ነገር ተነሳ። "ስህን ሰው ናት እንዴ?" ያለችው የኔዋ ናት። ስሙን ከተወለደች ጀምሮ ትሰማዋለች፣ አጎቷ እዚያ ነው የተማረ፣ የሰው ስም መሆኑን ግን አታውቅም። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት። መነን ደግሞ የአምባሰል ልጅ። "አምባሰል ዘፈኑ?" አለ አንዱ። "አገሩ! ዘፈኑ ነው ባገሩ የተጠራ" ተብሎ ትምህርቱ ሐረጎ ላይ እንደገና ተጀመረ።

ቤት ገብተን ልጄ እራት እንኳ ሳትበላ አያቷ ጋ ሄደች። "እማዬ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ውሃ የት ነበር የምትቀጂው?" እናቴ ይኸው ሳምንት ሊሆናት ነው፣ ወሬዋን አልጨረሰችም። ስለ ሥጋው ግን ሁለቱ አያቶቿ አልተስማሙም።

እንግዲህ ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአስር ሰባት። ሁለቱን የቀነስኩት ለወረቀቱና ለቀዳዳው ነው። አንዱን ለሽንት ቤቱ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ክፍሉን ለሁለት ከፍላችሁ በሁለት ቅዳሜ ውሰዷቸው፣ ሠላሳ አራት ልጅ ለአንድ አስጎብኚ ይበዛል። ስልክ ስትደውሉ ስለ ፎቶው ክፍያ ጠይቁ። ግቢ ውስጥ ወረቀት ሊያነብላችሁ ከጀመረ "ልጆቹ በረዳቸው፣ ወደ ውስጥ እንግባ" በሉት። ውሸትም አይሆንባችሁም፣ ይበርዳል። ማድ ቤቱን ራሳችሁ ጠይቁ። ለእማማ ብር ሳይሆን ቡና ይዛችሁላቸው ሂዱ፣ እሱን አይመልሱም። የሽንት ቤቱን ቁልፍ ደግሞ ገና በር ላይ ሳላችሁ፣ ሰውዬው ገበያ ሳይወጣ፣ ተቀበሉ።